ማን አየ?

ጉለሌ የሚገኘው የጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር በቀን ጭር ያለ ቦታ አይደለም። ለቀስተኛ ጭኖ የሚገባ አውቶቡስ አለ፤ ሙት ዓመት ለማሰብ አበባ ይዞ የመጣ ቤተሰብ አለ፤ እብነ በረድ ላይ ስም የሚቀርጽ፣ የተሰነጠቀ ሐውልት በሲሚንቶ የሚደፍን ሠራተኛ አለ። ኦርቶዶክሱም፣ ወንጌላዊውም፣ ከባሕር ማዶ መጥቶ እዚሁ አፈር የለበሰውም በየአጥሩ ተከልሎ አርፏል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን አካባቢው መልኩን ይለውጣል። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ የባሕር ዛፉን ጫፍ ማወዛወዝ ሲጀምር ባለሱቆች መዝጊያቸውን ይገፋሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይጠራሉ፤ በአጥሩ ጥግ የሚያልፈው እግረኛም ሳያስበው እርምጃውን ያፈጥናል።

ለምን እንደሚቸኩል ሲጠየቅ መጀመሪያ ሌባ ይላል። ቀጥሎ ጅብ ይላል። ሦስተኛውን የሚናገረው ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ነጭ ለብሳ የምትቆም ሴት አለች። በሩ ተቆልፎ ሳለ ከውስጥ የሚሰማ ለቅሶ አለ። ተረኛ የነበረ ጥበቃ አንድ ሌሊት ያየውን አይቶ በነጋታው ሥራውን ለቋል። «አንተስ አይተሃል?» ሲባል መልሱ ከሰው ሰው እምብዛም አይለያይም።

> «እኔ አላየሁም፤ ያየ ሰው ግን አውቃለሁ።»

በከተማችን እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን «ተረት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው «አለ፣ አለ፣ እንዳትጠራጠር» ብሎ የራሱን ይጨምርበታል። ባለታሪኩን አረጋግቶ የሚጠይቅ ግን ከሁለቱም ወገን አይገኝም። መቼ ነበር? ተኝተህ ነበር ወይስ ቆመህ? ቤቱ ውስጥ ምን ነበር? አንተ አየህ ወይስ ሰማህ? እነዚህን ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንዳንዱ ወሬ ከኋላው ሕመም አለ፤ አንዳንዱ ሐዘን አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ እዚሁ ጉለሌ ውስጥ የሚኖሩ ሰዎችን ከትውልድ ትውልድ ሲያቆስል የኖረ ነው።

ጃኬቱ መቃብሩ ላይ

በአካባቢው ለረጅም ጊዜ ላዳ የነዱ አንድ ጎልማሳ የሚያወሩት ታሪክ አለ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ነጠላ ያጣፋች ወጣት ከመቃብሩ በር ፈንጠር ብላ ቆማ እጇን ታነሣለች። ሹፌሩ ያሳፍራታል፤ ሽሮ ሜዳ አድርሰኝ ትለዋለች። ብርድ ሲያንቀጠቅጣት አይቶ ጃኬቱን ያለብሳታል። ደጃፏ ያወርዳትና በማግስቱ ጃኬቱን ሊቀበል ይመለሳል። በሩን የከፈቱለት እናት ደንግጠው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ያሳዩታል። ልጅቱ ከሞተች ዓመት ሆኗታል። ጃኬቱ የተገኘው መቃብሯ ላይ ተጣጥፎ ነው።

ሹፌሩን ያውቁታል ወይ ስላቸው «እኔ አላውቀውም፤ የነገረኝ ልጅ ግን ከእሱ ጋር አንድ ተራ ላይ ይሠራ ነበር» አሉኝ። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የማታለል ነገር አልነበረም። እንደሰሙት ነው ያቀበሉኝ።

ይኸው ታሪክ በሌላ አገር፣ በሌላ መኪና፣ በሌላ ልብስ ሲነገር ኖሯል። ሪቻርድ ቢርድስሊ እና ሮዛሊ ሃንኪ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1942 ባወጡት ጥናት የዚህን ታሪክ 79 ዓይነት አነጋገር ሰብስበው አነጻጽረዋል። የፎክሎር ሊቁ ያን ሃሮልድ ብሩንቫንድም እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመውን መጽሐፍ የሰየመው በዚችው መንገድ ላይ በምትሰወር ተሳፋሪ ነው። ብሩንቫንድ አጥብቆ ያስተዋለው ነገር ታሪኩ ሁልጊዜ የደረሰው በ«ወዳጄ ወዳጅ» ላይ መሆኑን ነው። አንድ ሰው ወደኋላ እየጠየቀ ቢሄድ ጃኬቱን ያዋሰውን ሰው አያገኘውም።

ታሪኩ የማይሞትበት ምክንያት ግን ግልጽ ነው። ሹፌሩ ደግ ነው። እናቲቱ ልጇን ያላሳረፈች ናት። ከተማው በብርድ ሌሊት ለማያውቃት ሴት ጃኬት የሚያውስ ሰው እንዳለው ይነግረናል። ሰው እንዲህ ያለውን ታሪክ አቀብሎ ማለፍ ይወዳል፤ ይህ ጥፋት አይደለም። ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ዱካክ ሲጫን

«እኔ ራሴ አይቻለሁ» የሚለው ሰው ሲመጣ ጉዳዩ ይለወጣል። እንዲህ የሚሉትን ልብ ብሎ ላዳመጠ አንድ የሚደጋገም ነገር አለ፤ አብዛኞቹ አልጋ ላይ ነበሩ።

ስድስት ኪሎ የሚማር አንድ ተማሪ የገጠመውን እንዲህ ይተርካል። ለፈተና ሲያነብ ሰንብቶ ሌሊቱን በጀርባው ተኝቷል። ዓይኑ ተከፈተ። የመኝታ ክፍሉን ያያል፤ የጓደኛውን ትንፋሽ ይሰማል፤ መስኮቱን ያውቀዋል። ሰውነቱ ግን አይታዘዝም። ከእግሩ በኩል ጥቁር ነገር ቆሟል። ቀስ ብሎ ወደ ደረቱ ወጣና ተጫነው። በስመ አብ ለማለት ፈለገ፤ ምላሱ ታሰረ። የአውራ ጣቱን ጫፍ ማንቀሳቀስ ሲችል ሁሉም ነገር በአንዴ ለቀቀው፤ በላብ ተጠምቆ ተነሣ። «ሕልም አልነበረም፤ ነቅቼ ነበር» ይላል። ልክ ነው። ነቅቶ ነበር።

እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ሳይደናገጡ «ዱካክ ነው» ይላሉ። ሕክምናው የእንቅልፍ ሽባነት ይለዋል። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ባያስር ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንወድቅ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ሰውየው ከእንቅልፉ ሲነቃ እስራቱ ወዲያው አይፈታም። ዓይን ተከፍቶ፣ አእምሮ ነቅቶ፣ ሰውነት ገና እንደታሰረ ለጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ይቆያል። ሕልሙም ጨርሶ አልበረደም፤ ክፍሉ ውስጥ ካለው እውነተኛ ነገር ጋር ይደባለቃል። ደረት የሚከብደው ትንፋሽን በፈቃድ መሳብ ስለማይቻል ነው። የአንጎል የፍርሃት ክፍል ደግሞ አደጋ አለ ብሎ ስለሚያስጠነቅቅ «አንድ ሰው አለ» የሚል ስሜት ይመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የብዙ ጥናቶች ማጠቃለያ ከመቶ ሰው ወደ 8 የሚጠጋው በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ እንደሚገጥመው፣ ከተማሪዎች መካከል ግን ከመቶ 28ቱ እንደሚያዩት ያሳያል። እንቅልፍ ማጣት፣ የሌሊት ተረኛነት፣ ጭንቀት፣ በጀርባ መተኛት ያባብሱታል። ሥራውን የለቀቀው የመቃብር ጥበቃ ታሪክ እውነት ከሆነ ሰውየው ከእነዚህ መካከል ቢያንስ አንዱ፣ የሌሊት ተረኛነት፣ ነበረበት። ጫት ሲቅሙ ኖረው ያቋረጡ ሰዎችም ዱካክ እንደሚያስቸግራቸው ይናገራሉ፤ የሕክምና ተመራማሪዎችም ይህንኑ መዝግበዋል።

> ነቅቶ ነበር፤ ያየውንም አይቷል። የተሳሳተው ያየው ነገር የት እንደነበረ ነው።

ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል። በካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ደሴት ደረት ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት። ሰው በደረሰበት አገር ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ማየቱ ለሚያምነው ወገን ማስረጃ ይመስላል፤ ለሐኪሙ ደግሞ ሁላችንም አንድ ዓይነት አንጎል እንዳለን ይመሰክራል። እኔ ሐኪሙ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው ግን ከማንም በላይ የሚያስፈልገው «አላበድክም» የሚለው ቃል ነበር። ለወራት ለማንም ሳይናገር ከመተኛት ፈርቶ ኖሯል፤ እንቅልፍ ባጣ ቁጥር ደግሞ ዱካኩ ይመላለስበት ነበር።

በር ተዘግቶ፣ ከሰል ነዶ

የሌለ ነገር ስለሚያሳየው ሌላ ምክንያት አሳጥሬ እናገራለሁ፤ ነገሩ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1921 ዊልያም ዊልመር የተባለ አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በሕክምና መጽሔት ላይ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ አሳተመ። ቤተሰቡ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ከገባ በኋላ ሌሊት የእግር ኮቴ ይሰማ ጀመር፤ የማይታወቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ ይታያቸዋል፤ ልጆቹ ገረጡ፤ ሁሉም ራስ ምታትና ድካም ያዛቸው። መንፈስ ያለበት ቤት ነው ተባለ። ሲመረመር ማሞቂያው ተበላሽቶ ጭሱን ወደ ቤት ውስጥ ይለቅ ነበር። የካርቦን ሞኖክሳይድ መርዝ ነው። ማሞቂያው ሲጠገን ሁሉም ነገር ቆመ።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሽሮ ሜዳ በላይ ባሉት ቤቶች የሚያድር ሰው ይህ ለምን እንደሚያስፈራኝ ያውቃል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቡና የተፈላበት ማንደጃ ፍሙ እንደቀላ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በሩ ስር ጨርቅ ይወተፋል፤ መስኮት ይዘጋል። መርዙ ሽታ የለውም፤ አይታይም። ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ የሌለ ነገር ያሳያል፤ ከዚያ ይገድላል። ሌሊት ሌሊት ሰው ይቆምብናል የሚል ቤተሰብ ካለ፣ ጠዋት ጠዋት የቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን የሚያመው ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ከሰሉን አውጥቶ መስኮቱን መክፈት አለበት። ጠበሉም ጸሎቱም ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

አርባው ሳይወጣ

ባለቤታቸውን ከቀበሩ ብዙም ያልቆዩ አንዲት እናት፣ ሳልስቱ አልፎ ለቀስተኛው ሲቀል የጀመረ ነገር አለ ይላሉ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ የአጥሩ በር ይንኳኳል። የማንኳኳቱ ስልት የሟች ባለቤታቸው ነው፤ ሁለቴ ጠንከር፣ አንዴ ላላ። ሲከፍቱ ሰው የለም። «ልጆቼ ያበድኩ እንዳይመስላቸው አልነገርኳቸውም። ግን አልፈራሁም። የእኔ ሰው አይደሉ እንዴ?»

እ.ኤ.አ. በ1971 ዴዊ ሪስ የተባለ የዌልስ ሐኪም የትዳር ጓደኛቸው የሞተባቸውን 293 ሰዎች አንድ በአንድ አነጋግሮ ነበር። ግማሽ ያህሉ ሟቹን አይተዋል፣ ድምፁን ሰምተዋል ወይም አጠገባቸው እንዳለ ተሰምቷቸዋል። አብዛኞቹ ይህን ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገሩም። ብዙዎቹም እንደ እኚህ እናት መጽናኛ እንጂ ሥቃይ አልሆነባቸውም። ሐኪሙ የደረሰበት ድምዳሜ ይህ የጤነኛ ሐዘን አንዱ ክፍል ነው የሚል ነበር። ለአርባ ዓመት አንድ ሰው በአንድ ሰዓት በር ሲያንኳኳ የሰማ ጆሮ ባንድ ሳምንት አይረሳውም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጉዳዩን ከሌላ በር ይገቡበታል። በእንጦጦ ግርጌ ካሉት አድባራት በአንዱ የሚያገለግሉ አንድ ካህን ያለማመንታት «ሙት አይዞርም ልጄ» ይላሉ። ነፍስ የምትሄድበት አላት፤ ባለጸጋውና አልዓዛር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተለያዩበት ገደል ወዲህና ወዲያ አያሻግርም። የሟች መልክ ይዞ የሚመጣ ካለ ሟቹ አይደለም ይላሉ። ሳኦል በዓይንዶር ሴት አማካይነት ሳሙኤልን ሲያስጠራ በርግጥ የመጣው ሳሙኤል ነበር ወይስ ሌላ የሚለው ክርክር ደግሞ ሊቃውንቱ ለዘመናት ሲመላለሱበት የኖሩት ነው። ደቀ መዛሙርቱ ራሳቸው ሌሊት በባሕር ላይ የሚራመደውን ጌታቸውን ምትሃት መስሏቸው ጮኸዋል።

ይህን የማነሣው መጠራጠር ከውጭ አገር የመጣ፣ ሃይማኖት የሌለው ሰው ጠባይ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። አይደለም። መናፍስት መኖራቸውን አጥብቀው የሚያስተምሩት ካህን፣ ነጭ ለባሿን ሴት ከማንም ተጠራጣሪ ይልቅ አጥብቀው ይክዷታል። በር የሚንኳኳባቸውን እናት ግን አልገሠጿቸውም። ተዝካሩ እስኪወጣ ብቻቸውን እንዳያድሩ፣ ጎረቤት እንዲመላለስ ነው ያዘዙት። የዌልሱ ሐኪም የሚጨምርበት የሚኖር አይመስለኝም።

እምነትና ጥንቃቄ አብረው መሄድ እንደሚችሉ እንጦጦ ማርያም ራሷ ምስክር ናት። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ይህች ደብር በኋላ ዘመን በጠበሏ ታወቀች፤ ኤድስ ሰውን በሚያረግፍበት ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሕመምተኛ በዙሪያዋ ተሰባስቦ ነበር። ጠበል የጀመረ መድኃኒት ያቁም የሚል ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። «እገሌ መድኃኒቱን ጥሎ ዳነ» የሚለው ምስክርነት በየጠበል ቦታው ሲዞር የነበረው ጥለው የሞቱት መመስከር ስለማይችሉ ነው።

ጅቡና ቀጨኔ

አሁን ወደ ጅቡ እንመለስ፤ የዚህ ጽሑፍ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጉለሌ ጅብ ተረት አይደለም። ከእንጦጦ ጫካና ከእጽዋት ማዕከሉ በኩል ሌሊት ወደ ቆሻሻ መጣያውና ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ጩኸቱ እስከ ሠፈር ይሰማል። የዓይኑ ጀርባ ብርሃን ስለሚመልስ በመኪና መብራት ውስጥ ሁለት እሳት መስሎ ይታያል። ጥልቀት የሌለው መቃብር ካገኘም ይቆፍራል። ጨለማ ውስጥ በመቃብር ቦታ የሚንቀሳቀስ ነገር ያየ ሰው አላየም ልንለው አንችልም።

ችግሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። «ጅብ አየሁ» የሚለው «ጅቡ ሰው ነው» ወደሚለው ይሻገራል፤ ከዚያም «የእነ እገሌ ሰው ነው» ይሆናል። እነ እገሌ የሚባሉት ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው፣ ሸማ ሸምነው የሚያድሩ ናቸው። ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ሆነው ከመቃብር ሬሳ ያወጣሉ፣ በዓይናቸው ይበላሉ ይባላሉ። በጉለሌ ይህ ስም የተለጠፈበት ሠፈር ቀጨኔ ነው።

ይህ ወሬ እንዴት እንደሚሠራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የተመዘገበ አንድ ታሪክ ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያሳያል። ትግራይ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ ዊልያም ኮፊን የተባለ እንግሊዛዊ ቡዳ ነው የሚባል አገልጋይ ነበረው፤ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው በወዳጁ በናትናኤል ፒርስ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። አንድ ቀን ገና ሳይጨልም ወጣቱ እስከ ነገ ፈቃድ ስጠኝ ብሎ ተሰናብቶ ሄደ። ኮፊን ፊቱን ከማዞሩ ከሌሎቹ አገልጋዮች አንዱ «ተመልከት፣ ጅብ እየሆነ ነው!» ብሎ ጮኸ። ኮፊን ዞሮ ሲያይ ልጁ የለም፤ ዛፍና ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ጅብ ይሮጣል። በማግስቱ ልጁ ሲመለስ ባልደረቦቹ ከሰሱት፤ እሱም ከመካድ ይልቅ ያመነ የሚያስመስል መልስ ሰጠ።

ረጋ ብሎ ለሚያነብ፣ ኮፊን ልጁ ሲለወጥ አላየም። ይህን ራሱ ተናግሯል። ያየው ጅብ ነው፤ ጅብ ደግሞ ያኔም አሁንም በአገሩ ሞልቷል። ለውጡን ያመጣው ጩኸቱ ነው። የጮኸው ሰው ምን እንዳየ የጠየቀው የለም። ልጁ ለምን አልካደም ለሚለውም መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ይህ ነህ የተባለ፣ ብቻውን በብዙ ሰው የተከበበ አገልጋይ ቢክድ ማን ያምነው ነበር? ቢያምን ደግሞ ቢያንስ ይፈሩታል።

> ጅቡን ያየ ብዙ ነው። ሰውየው ሲለወጥ ያየ ግን ማንም የለም።

አፄ ምኒልክ ጉዳቱ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለሙያ የሚያንቋሽሽ ሰው እንደሚቀጣ አስታወቁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስሙ ግን ዛሬም ጋብቻ ያፈርሳል፤ ዛሬም ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ ከክፍል ጓደኞቹ ይነጥላል። የሠፈራቸውን ስም ሳይናገሩ ሌላ ቦታ ተከራይተው የሚኖሩ ወጣቶች አሉ።

ቀጨኔ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩ አንዲት እናት ሥራቸውን ሳያቋርጡ ነው የሚያወሩት። አፈሩን ወቅጠው፣ ነፍተው፣ በውሃ ለውሰው ያሳድሩታል። የሚሽከረከር ማሽን የለም፤ የጀበናውን ሆድ በመዳፋቸው እያዞሩ ያነሡታል፤ አንገቱን ለብቻ ሠርተው ይቀጥላሉ። ሲጠነክር በለሰለሰ የወንዝ ድንጋይ ያሹታል፤ እንደ ቆዳ እስኪያበራ። ከዚያ ከእንጦጦ የመጣ ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተደርቦበት ደጅ ላይ ይቃጠላል። ጭሱ ለዓይን መጥፎ ነው። ዓይናቸው የቀላው በዚህ ነው፤ ቀይ ዓይናቸውን አይተው የሚፈሯቸውም አሉ።

ስለ ጅቡ ስጠይቃቸው ሰው ፊት ለፊት ነግሯቸው እንደማያውቅ፣ ሁልጊዜ ከኋላቸው እንደሚሰሙት ነገሩኝ። «ማን አየ? ሲባል ዝም ነው። ያየ ይምጣና ይንገረኝ ብዬ ነበር፤ እስካሁን የመጣ የለም።»

አንዴ አራስነቷን የጨረሰች ወጣት ጀበና ልትገዛ መጥታ፣ ዋጋ እስክትከራከር ድረስ የሕፃኑን ፊት በነጠላ ሸፍና እንደያዘችው ያስታውሳሉ። «ለምን እንደሸፈነችው አውቃለሁ። ሞቃት ቀን ነበር። ይታፈናል፣ ግለጪው አልኳት። እኔም አምስት ወልጄ አሳድጌያለሁ።» ወጣቷ አልገለጠችውም፤ ጀበናውን ከፍላ ሄደች። ከወራት በኋላ አንገቱ ተሰበረብኝ ብላ ሌላ ልትገዛ ተመልሳ መጣች። ልጁ ያኔ መዳህ ጀምሮ ነበር፤ እሷ ዋጋ ስትጠይቅ እሱ ገና ያልደረቀ ምጣድ ላይ በሁለት እጁ ቆመበት። ሴትዮዋ ምጣዱን እንደገና ማስተካከል ነበረባቸው፤ ልጁን ግን ከላዩ ያነሡት እሳቸው ናቸው፤ እናቱም አልከለከለቻቸውም።